«ማን?» የሚለው ጥያቄና የመካከለኛው ዘመን ፈረሰኞች

ጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል የገባ ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚሸመድዳቸው ስድስት ጥያቄዎች አሉ፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ከስድስቱ ውስጥ «ለምን» እና «እንዴት» ከባዶቹ ናቸው ይባላል። «ማን» ግን እንደ ቀላል ነው የምትታየው። የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ ዕድሜውን፣ ሥራውንና የመጣበትን አካባቢ ጽፎ ማለፍ ነው። በቃ፣ «ማን» ተመለሰች ይባላል።

በእኔ እምነት ግን ከስድስቱ ከባዷ ይህችው «ማን» ናት። ይህን እንዳምን ያደረገኝ ደግሞ የዜና አጻጻፍ መጽሐፍ ሳይሆን ከስምንት መቶ ዓመት በፊት በአውሮፓ የተጻፉ የፈረሰኞች ታሪኮች ናቸው። «የፈረንጅ ባላባት ተረት ከእኛ ሙያ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል የክፍል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስቲ ትንሽ ታገሡኝ። የመካከለኛው ዘመን ሮማንስ ደራሲዎች የአንድን ሰው ማንነት ከዘሩ፣ ከዝናው ወይም ከቆዳው አንብበን መጨረስ እንደማንችል ደጋግመው አሳይተዋል፤ እነሱ ራሳቸው ይህን በረሱበት ቦታ ደግሞ ጉዳት አድርሰዋል። ጽሑፌ የሚለው በአጭሩ ይህንን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጠቀስኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልኝ።

ፊቱ የተሸፈነ ሰው

«ሮማንስ» ሲባል ዛሬ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የፍቅር ፊልም ነው። ቃሉ ሲጀመር ግን የቋንቋ ስም ነበር። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ቄሱም፣ የሕግ ዐዋቂውም በአብዛኛው የሚጽፉት በላቲን ነው። ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ የተጻፈው ደግሞ «ሮማንስ» ይባል ነበር። የእኛን ግዕዝና አማርኛ ማሰብ ነው። ቀስ በቀስ ቃሉ ከቋንቋው ወደ ታሪኩ ዓይነት ተሻገረ። ታሪኮቹ ብዙውን ጊዜ በግጥም የተጻፉ፣ በመኳንንት አዳራሽ ጮክ ተብለው የሚነበቡ ናቸው። ብዙዎቹም የሚያወሩት ስለ ንጉሥ አርተርና ስለ ፈረሰኞቹ ነው። ፈረሰኛ ስል «ናይት» የሚባለውን፣ ጥሩር ለብሶ በፈረስ የሚዋጋውን ባለ ማዕረግ ተዋጊ ማለቴ ነው።

ታዲያ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ «አንተ ማነህ?» የሚለው ጥያቄ ለምን በዛ? አንደኛው ምክንያት በጣም ተራ ነገር ነው። ፈረሰኛው የራስ ቁሩን ሲደፋ ፊቱ አይታይም። በዚያው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጋሻ ላይ ምልክት መሳል እየተስፋፋ የመጣው አንዱ ከሌላው እንዲለይ ነው። ጋሻውን የለወጠ ሰው ግን ለተመልካቹ ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። ወንድም ወንድሙን፣ ጓደኛም ጓደኛውን ሳያውቅ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ «ማን?» በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ናት።

ዘር ከልጓም ይስባል?

የመጀመሪያው መልስ የታወቀው መልስ ነው፤ «ሰው ማለት የአባቱ ልጅ ነው»። በ1200 አካባቢ ሬኖ ደ ቦዦ የተባለ ገጣሚ የጻፈው «ውቡ ያልታወቀ» የተሰኘ ሮማንስ አለ። ስሙን የማያውቅ አንድ ወጣት ንጉሥ አርተር ፊት ይቀርባል። ስሙን ሲጠየቅ መመለስ ስላልቻለ ንጉሡ «ውቡ ያልታወቀ» የሚል ስም ያወጣለታል። ልጁ ከባድ ፈተናዎችን ያልፋል። በመጨረሻም አንዲት አስፈሪ እባብ ከንፈሩን ከሳመችው በኋላ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ስሙ ጊንግላን መሆኑን፣ አባቱም ታላቁ ፈረሰኛ ጋዌን መሆኑን ይነግረዋል።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ልጁ ጀግና የሆነው የጀግና ልጅ ስለሆነ ነው። እኛስ «ዘር ከልጓም ይስባል» እንል የለ? የእኛው ክብረ ነገሥትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መመለሱን መጽሐፉ ራሱ ይናገራል፤ ጊዜውም በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ እንደሆነ ይገመታል፤ አውሮፓ በሮማንስ ተጥለቅልቃ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። እዚያም ልጁ እናቱን «አባቴ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀለበት ይዞ ወደ ኢየሩሳሌም ይሄዳል፤ መልኩን ያዩ ሰዎችም ንጉሡ ሰሎሞን ራሱ የመጣ ይመስላቸዋል። ቀለበትና መልክ ተደምረው አባትን ያረጋግጣሉ።

እንደነዚህ ያሉ ታሪኮችን ብቻ ያነበበ ሰው «ሮማንስ የባላባት ፕሮፓጋንዳ ነው» ቢል አልፈርድበትም። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው የሚያደምጡት መኳንንት ናቸው፤ ለገጣሚው የሚከፍሉትም እነሱ ናቸው። «ደማችሁ ከሌላው ይበልጣል» ሲባሉ ደስ የማይላቸው ማን አለ? ግን የዘመኑ ምርጥ ደራሲዎች እዚህ ላይ አልቆሙም። በእኔ ግምት ለእነሱ ዘር የታሪኩ መነሻ እንጂ መልሱ አልነበረም።

ቃል ሲታጠፍ ስም ይጠፋል

ክሬቲየን ደ ትሯ የሚባለው ፈረንሳዊ ገጣሚ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የጻፈ ሰው ነው። «የአንበሳው ፈረሰኛ» በሚለው ሥራው ጀግናው ኢቬን ነው። የኢቬን አባት የታወቀ ንጉሥ ነው፤ ስለዚህ የዘር ጥያቄ የለበትም። ሎዲን የምትባል እመቤት ያገባል። ብዙም ሳይቆይ ጓደኛው ጋዌን «ትዳር አሰነፈህ» ዓይነት ነገር ይልና ወደ ፍልሚያ ጨዋታ ይወስደዋል። ሚስቱ ትፈቅድለታለች፤ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ መመለስ አለበት። ቃል ይገባል፤ ቀለበቷንም ይዞ ይሄዳል።

ሰውየው ረሳ! ጨዋታውና ጭብጨባው ጣመውና ቀኑ አለፈ። አንዲት መልእክተኛ መጥታ በሰው ሁሉ ፊት ቃሉን ያጠፈ ሐሰተኛ መሆኑን ተናገረችና ቀለበቱን ከጣቱ ላይ ወሰደች። ከዚያ በኋላ የሆነው የሚገርም ነው። ኢቬን አበደ። ልብሱን ቀዳድዶ ጫካ ገባ፤ እንስሳ እያደነ ጥሬ ሥጋ በላ። አንድ ባሕታዊ ዳቦና ውኃ በመስኮት እያስቀመጠለት ነው ነፍሱ የቆየችው። በኋላ ራቁቱን ተኝቶ ሲያገኙት አንዲት ልጅ የለየችው ፊቱ ላይ በነበረው ጠባሳ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ነው። ዘሩ አልተለወጠም፤ አባቱም ያው ንጉሥ ነው። ግን «ኢቬን» የሚባለው ሰው ጠፍቷል። ቃል ሲታጠፍ ሰውየው አብሮ ታጠፈ።

ከዳነ በኋላ ወደ ድሮ ስሙ ቶሎ አይመለስም። ከእባብ ጋር የሚታገል አንበሳ ያድናል፤ አንበሳውም እንደ ውሻ ይከተለው ጀመር። ራሱን «የአንበሳው ፈረሰኛ» ብሎ ይጠራል፤ በዚህ ስም ለተበደሉ ሰዎች ይዋጋል። አንድ ቀን የገዛ ሚስቱ ፊት ይቆማል፤ አላወቀችውም። ስሙን ስትሰማ ስለ እንዲህ ያለ ሰው ሰምታ እንደማታውቅ ትናገራለች። እሱም «እንግዲህ ታዋቂ አይደለሁም ማለት ነው» ዓይነት መልስ ይሰጣታል። ንጉሥ የወለደው ሰው ዝናን ከዜሮ ጀመረ! ድሮ የተሸከመው ስም በአባትና በጭብጨባ የመጣ ነበር። አዲሱን ስም ግን በቀጠሮ እየደረሰ፣ ቃሉን እየጠበቀ ነው የሠራው። ወደ ትዳሩ የሚመለሰውም ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

የጋሪው ፈረሰኛ

ይኸው ክሬቲየን «የጋሪው ፈረሰኛ» የሚል ሌላ ታሪክ አለው። በዚያ ታሪክ ዓለም ጋሪ ማለት ሌባና ነፍሰ ገዳይ ተጭኖ ለሕዝብ የሚታይበት የውርደት መጓጓዣ ነው። አንድ ፈረሰኛ የተጠለፈችውን ንግሥት ፍለጋ ሲሄድ ጋሪ የሚነዳ ድንክ ያገኛል። ድንኩ «ከወጣህ ስለ ንግሥቲቱ ትሰማለህ» ይለዋል። ፈረሰኛው ሁለት እርምጃ ያህል ያመነታል፤ ከዚያ ይወጣል።

ከዚያች ደቂቃ በኋላ ስሙ «የጋሪው ፈረሰኛ» ሆነ። በሄደበት ሁሉ ሰዎች ይጠቋቆማሉ፣ ይሰድቡታል፣ ምን ወንጀል ሠርቶ ይሆን ይላሉ። ለምን እንደተሳፈረ የሚጠይቀው የለም። ገጣሚውም እልኸኛ ነው፤ የሰውየውን እውነተኛ ስም ለአድማጩ የሚነግረው ታሪኩ ግማሽ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም በንግሥቲቱ አፍ። ሰውየው ላንስሎት ነበር። የሚያስቀው ደግሞ ንግሥቲቱ ራሷ ትቀየመዋለች፤ ሁለት እርምጃ አመንትተሃል ብላ! ሕዝቡ ለምን ወጣህ አለው፣ እሷ ለምን ዘገየህ አለችው። አንድ ድርጊት፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ።

ይሄ የርእስ አወጣጥ ትምህርት አይመስላችሁም? አንድ ሰው አንድ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ ይታያል፤ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ «ወንጀለኛው» ይሆናል። «ተጠርጣሪ» የምትለዋ ቃል ቦታ ትይዛለች ተብሎ ትወጣለች። ሰውየው በነጻ ቢለቀቅም የሰፈሩ ሰው የሚያስታውሰው ጋሪውን ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ተረታችን ለመልካም ስም ብቻ የተነገረ ይመስለናል። የተበላሸም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።

ያልተጠየቀችው ጥያቄ

ከሁሉም ለእኛ ሙያ የሚቀርበው ግን የክሬቲየን የመጨረሻ ሥራ፣ «ፐርሲቫል» ነው። ፐርሲቫልን ያሳደገችው እናቱ ናት፤ አባቱንና ወንድሞቹን ፈረሰኝነት ስለበላባት ልጇን ከዓለም ሸሽጋ ጫካ ውስጥ ነው ያኖረችው። ስምህ ማነው ሲባል የሚያውቀው እናቱ የምትጠራውን ነው፤ «የኔ ቆንጆ ልጅ» ዓይነት። አገሬነቱ እስኪያስቅ ድረስ ነው፤ ፈረሰኞችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ መላእክት ይመስሉታል። ያኔ ይሄ ልጅ ዝም ብሎ ጠያቂ ነው። ይሄ ምንድን ነው? ያ ለምን ይጠቅማል? እያለ ፈረሰኞቹን ያሰለቻቸዋል።

በኋላ ጎርንማን የሚባል ትልቅ ሰው የፈረሰኝነት ወግ ያስተምረዋል። ከትምህርቱ አንዱ ብዙ አትናገር የሚል ነው። በእኛ ቋንቋ «ዝም አይነቅዝም» ማለት ነው። ልጁ ይህን ምክር እንደ ሕግ ይዞ ወደ አንድ ቆስሎ የማይድን ንጉሥ ቤት በእንግድነት ይገባል። በፊቱ ጫፉ ደም የሚያንጠባጥብ ጦር ያልፋል፤ ቀጥሎም ግራል የሚባል ውድ ዕቃ በአንዲት ልጅ ተይዞ ያልፋል። ፐርሲቫል ጦሩ ለምን እንደሚደማ፣ በግራሉም ማን እንደሚመገብ ለመጠየቅ አፉን በላው። ግን ባለጌ እንዳልባል ብሎ ዝም አለ። ጠዋት ሲነሣ ቤቱ ባዶ ነው።

ከዚያ የአጎቱን ልጅ መንገድ ላይ ያገኛል። እሷ ናት ጉዱን የምትነግረው፤ ያችን ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ንጉሡ ይድን ነበር፣ አገሩም ይጠቀም ነበር። ከዚያ ስሙን ትጠይቀዋለች። ስሙን የማያውቀው ልጅ በግምት «ፐርሲቫል» ይላል፤ ትክክልም ሆኖ ተገኘ። እሷ ግን ስሙ ከዚህ በኋላ «ምስኪኑ ፐርሲቫል» እንደሆነ ትነግረዋለች። ልብ በሉ፤ ስሙን ያገኘባት ሰዓትና ስሙ የተበላሸባት ሰዓት አንድ ናት። ያበላሸውም ያልጠየቃት ጥያቄ ናት።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት አባቶቻችን ፐርሲቫልን ሳያውቁት አውቀውታል። እኔ ይህን ታሪክ የወደድኩት ስለ ማንነት አንድ አዲስ ነገር ስለሚል ነው። ሰው ማነው? የአባቱ ልጅ ብቻ አይደለም፤ የሠራው ሥራም ብቻ አይደለም። በሌላው ቁስል ፊት ቆሞ የጠየቀው ወይም ዝም ያለው ነገርም ማንነቱ ነው። እኛ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለን ተማሪዎች ከትንሽነታችን ጀምሮ በትልልቅ ሰዎች ፊት አትጠይቅ፣ አትጠይቂ እየተባልን ያደግን ነን። ጨዋነት ብለን የያዝነው ዝምታ አንዳንዴ አንድ የቆሰለ ሰው ሳይድን እንዲቀር ያደርጋል። ክሬቲየን ታሪኩን ሳይጨርስ ስላቆመ የእሱ ፐርሲቫል ያችን ጥያቄ መልሶ ሲጠይቅ አናይም። ሌሎች ገጣሚዎች ናቸው እየተቀባበሉ ያስረዘሙት።

ዝና የሚባል ሌላ ሰው

ስለ ጋዌን ሁለት ቃል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስሙ ያልታወቀ እንግሊዛዊ ገጣሚ የጻፈው «ሰር ጋዌንና አረንጓዴው ፈረሰኛ» በአንድ የብራና ቅጂ ብቻ ተርፎ የደረሰን ነው፤ እሱም ብራናው የነበረበት ቤት በ1731 ሲቃጠል ለጥቂት ነው የተረፈው። በዚህ ታሪክ ጋዌን እንግዳ ሆኖ ባረፈበት ቤት የቤቱ እመቤት ልታባብለው ትሞክራለች። እሱ በጨዋነት ሲያመልጣት «አንተ ጋዌን መሆንህን እጠራጠራለሁ» ዓይነት ነገር ትለዋለች። ምክንያቷ እውነተኛው ጋዌን ሴት አጠገብ ይህን ያህል ተቀምጦ መሳም ሳይጠይቅ አይቀርም የሚል ነው። ስለ እሱ የሰማችው ወሬ ከፊቷ ከተቀመጠው ሰው በለጠባት። ዝናው አንድ ሰው፣ እሱ ሌላ ሰው ሆኑ።

መጨረሻው ደግሞ ይብሳል። ጋዌን ሞትን ፈርቶ፣ ነፍስ ያድናል የተባለ አረንጓዴ መቀነት ከባለቤቱ ደብቆ ይይዛል። ተይዞ አንገቱ ላይ ትንሽ ተቆርጦ ይለቀቃል። መቀነቱን የነውሩ ምልክት አድርጎ ለብሶ ቤተ መንግሥት ሲመለስ ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ እነሱም እንደ ክብር ምልክት አረንጓዴ መታጠቂያ ለማጥለቅ ይስማማሉ። ሰውየው «ነውሬ ነው» ይላል፣ ሕዝቡ «ክብራችን ነው» ይላል። ታዋቂ ሰው ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ ሁሉ ይህችን መቀነት ቢያስታውስ ጥሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይዘን የምንሄደው ስለ ሰውየው አስቀድመን የሰማነውን ነው፤ እሱ ሌላ ነገር ሲናገር አንሰማውም።

ሲላንስ

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ፣ «የሲላንስ ሮማንስ» የሚባል የፈረንሳይኛ ሥራም አለ። የደራሲው ስም ሄልድሪስ ነው። አንድ የእንግሊዝ ንጉሥ ሁለት መኳንንት በሚስቶቻቸው ውርስ ተጣልተው ሲተላለቁ ተናደደና ሴት ልጅ ከእንግዲህ አትወርስም ብሎ ሕግ አወጣ። ካዶርና ኡፌሚ የሚባሉ ባልና ሚስት ሴት ልጅ ሲወልዱ ርስታቸው እንዳይጠፋ ወንድ ነው ብለው አሳደጓት። ስሟን ሲላንስ አሏት፤ «ዝምታ» ማለት ነው። በላቲን መጨረሻውን ቢለውጡት የወንድም የሴትም ስም ይሆናል።

ልጅቷ ስታድግ «ተፈጥሮ» እና «አስተዳደግ» እንደ ሁለት ሰዎች ሆነው በእሷ ላይ ይከራከራሉ። ተፈጥሮ ወደ ቤትሽ ገብተሽ ስፌት ተማሪ ትላታለች፤ አስተዳደግ የእኔ ናት ትላለች። ሲላንስ ከአዝማሪዎች ጋር ጠፍታ ሙያቸውን ትማራለች፤ ከአስተማሪዎቿም ትበልጣለች። ፈረሰኛ ሆናም ወንዶቹን ትበልጣለች። ከ700 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ ይህን ክርክር ማግኘት በጣም ነው የሚገርመው። የሚያሳዝነው ማለቂያው ነው። በመጨረሻ ሴትነቷ ይጋለጣል፤ ንጉሡ የውርሱን ሕግ ይሽራል፤ እሷንም ያገባታል። ተፈጥሮ መጥታ የወንድነት ምልክቱን ከሰውነቷ ላይ ትጠርጋለች። ከዚያ በኋላ ያች ሁሉ አዝማሪ፣ ያች ሁሉ ጀግና ዝም ትላለች። ስሟ ደረሰባት።

የመጽሐፉ ዕጣም ከባለታሪኳ ጋር ይመሳሰላል። በ1911 እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም አጠገብ ባለ አንድ የባላባት ቤት ውስጥ ሲገኝ የነበረበት ሣጥን ላይ ዋጋ የሌላቸው አሮጌ ወረቀቶች ተብሎ ተጽፎበት ነበር። አንድ ሰው ሣጥኑን ባይከፍት ኖሮ በሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ስም ያሸንፍ ነበር። በወረቀትም በሰውም ላይ ስም የሚለጥፉ ሰዎች ውስጡን አይተው እንደሆነ መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው።

ቀለምና ስም

እስካሁን ሮማንስን ሳወድስ ቆየሁ። አሁን ደግሞ ወቀሳውን። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በተዘጋጀ የእንግሊዝ ብራና ውስጥ «የታርስ ንጉሥ» የሚባል ታሪክ አለ። አንዲት ክርስቲያን ልዕልት ጦርነት እንዲቆም ስትል የደማስቆን ሱልጣን ታገባለች። የሚወለደው ልጅ ቅርጽ የሌለው የሥጋ ቁራጭ ይሆናል። ሲጠመቅ ግን መልከ መልካም ሕፃን ይሆናል። ከዚያ ጥቁሩ ሱልጣን ራሱ ሲጠመቅ ቆዳው ወደ ነጭ ይለወጣል። እዚህ ላይ «ማን?» የምትለዋ ጥያቄ ሞታለች። ቆዳ ታየ፣ ነፍስ ተፈረደባት። ይህን የሰማ የአዳራሽ ታዳሚ ስለ ጥቁር ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ መገመት አያቅትም።

ሁሉም ግን እንዲህ አልጻፉም። ከዚያ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ጀርመናዊው ቮልፍራም ፎን ኤሸንባኽ «ፓርሲፋል» ውስጥ ፌይሬፊስ የሚባል ሰው ፈጠረ። አባቱ የፓርሲፋል አባት ነው፤ እናቱ ቤላካኔ የምትባል ጥቁር ንግሥት ናት። ቆዳው ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ሳይተዋወቁ ይጋጠማሉ። የፓርሲፋል ሰይፍ ሲሰበር ፌይሬፊስ መሣሪያ የሌለውን ሰው አልወጋም ብሎ የራሱንም ይወረውራል። ያኔ ነው የሚጠያየቁት፤ ወንድማማቾች መሆናቸውም የሚታወቀው። በኋላ ፌይሬፊስ ይጠመቃል፤ ቆዳው ግን አይለወጥም። እስኪጠመቅ ድረስ ግራሉን ማየት አለመቻሉ የቮልፍራምም ልግስና ወሰን እንደነበረው ያሳያል። ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ቮልፍራም ሰውየውን ከነቆዳው ተቀበለው።

ታሪኩ ወደ እኛ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። በቮልፍራም መጽሐፍ መጨረሻ ፌይሬፊስ ወደ ሕንድ ይሄዳል፤ ልጁም ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ፣ ፈረንጆቹ «ፕሬስተር ጆን» የሚሉት ይሆናል። ይህ ንጉሥ በእውን የነበረ ሰው አይደለም። በ1165 አካባቢ ከእሱ የተላከ የተባለ የፈጠራ ደብዳቤ በአውሮፓ ተሰራጭቶ ነበር። ፈላጊዎቹ ሕንድ ውስጥ አጡት፣ እስያ ውስጥም አጡት። ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስሙን በኢትዮጵያ ነገሥታት ላይ ለጠፉት። በ1441 ፍሎረንስ ላይ በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የተገኙ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ንጉሣቸው እንዲህ ያለ ስም እንደሌለው እንዳስረዱ ይነገራል። ሰሚ ግን አልተገኘም። አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ በ1520 መጥቶ ዐፄ ልብነ ድንግልን በዓይኑ አይቶ ነበር። በ1540 የታተመው መጽሐፉ ግን በርእሱ ላይ የያዘው ያንኑ የፕሬስተር ጆንን ስም ነው።

እስቲ አስቡት። ንጉሡ አለ፣ ስሙ አለ፣ ስሙን የሚናገሩ ሰዎችም በአካል ሄደው ተናግረዋል። ግን ተረቱ ስለጣፈጠ እውነተኛው ስም ቦታ አጣ። ሌላ ሰው «ማን?» ለሚለው ጥያቄ ስለ እኛ ሲመልስልን ምን እንደሚመስል አገራችን በራሷ ታውቀዋለች።

ታዲያ ምን ይሁን?

ይሄ ሁሉ ትረካ ለመዝናናት ብቻ አይደለም። ዛሬ አንድ ሰው ስሙን ሲናገር ብዙዎቻችን ጆሯችን የሚቆመው የአባቱ ስም ላይ ነው። ከስሙ ዘሩን፣ ከዘሩ ሐሳቡን፣ ከሐሳቡ ወዳጅ ወይም ጠላት መሆኑን ቆጥረን እንጨርሳለን። ግቢ ውስጥ «ከየት ነህ?» የምትለው ጥያቄ አንዳንዴ ለመተዋወቅ ሳይሆን ለመመደብ ትጠየቃለች። ይህ ልማድ በሚቀጥሉት ዓመታት ከእኛ ጋር ወደ ዜና ክፍል ይገባል። ዜና ላይ ሲወጣ ደግሞ የአንድ ሰው ሐሜት መሆኑ ይቀርና የብዙ ሰው እምነት ይሆናል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሕዝቡ ማወቅ የሚፈልገው እሱን ነው፤ ዘሩን ካልጻፍን ደበቅን እንባላለን» ይሉኛል። ነገሩ ጭብጥ የለውም አልልም። ሰው የተበደለው በማንነቱ ምክንያት ከሆነ ያንን ማንነት አለመጻፍ ራሱ ውሸት ነው። ሲላንስን ሴት መሆኗን ሳይጠቅሱ ስለ ውርሱ ሕግ መጻፍ አይቻልም። የማልስማማው ምክንያት ሳይኖረው፣ እንደ ጋሻ ላይ ምልክት ከሰውየው ስም ጋር ሲለጠፍ ነው። ስለዚህ የሰውን «ማን» ስንጽፍ ሦስት ነገር ብንጠይቅ እላለሁ። ይህን ስም ያወጣለት ማነው፤ እሱ ራሱ ነው ወይስ ጋሪ ላይ ያየው ሰው? ይህ መለያ ከዜናው ጋር ምን ግንኙነት አለው? እሱንስ ጠይቀነዋል?

ሦስተኛዋ ትበልጣለች። ፌይሬፊስና ፓርሲፋል ሰይፍ እስኪሰበር ድረስ አልተጠያየቁም። ኢቬንና ጋዌንም እንደዚሁ፤ የቅርብ ጓደኛሞች ሆነው የራስ ቁር እንደደፉ ቀኑን ሙሉ ሲቀጣቀጡ ውለው፣ ሲመሽ ደክሟቸው ስም ሲጠያየቁ ነው ሁለቱም ደንግጠው «ያሸነፍከኝ አንተ ነህ» መባባል የጀመሩት። ጥያቄዋ ጠዋት ብትጠየቅ ኖሮ ያን ሁሉ ደም ታድን ነበር።

እነዚህን ታሪኮች በእንግሊዝኛ ትርጉም አግኝቶ ማንበብ ይቻላል፤ ረጃጅም ቢመስሉም አይሰለቹም። «ፐርሲቫል»ን አስቀድሙ እላለሁ። በጻፍኩት የማትስማሙ ካላችሁም መልሳችሁን ለሚቀጥለው እትም ላኩ፤ ክርክሩ ይቀጥል። በቸር ያሰንብተን።